የካርቦን ኮርሳ ለዓባይ ዳገት፤ ገንዘቡ ስም ላይ ወይስ ማርሽ ላይ?

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በአምበርና በሉማሜ አልፎ ደጀን ለመድረስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ደግ ነው፤ የጤፍ ማሳ በግራ፣ የጤፍ ማሳ በቀኝ። ደጀን ላይ ሜዳው ያልቅና አስፋልቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከ2,400 ሜትር ከፍታ የተነሳ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ከተጓዘ በኋላ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። መመለስ ካለበት ደግሞ ሁሉንም እንደገና ይጀምረዋል።

መንገዱን የሚያውቁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ሲጠነቀቁ እንጂ ስለ መኪናው ቀለም ሲጨነቁ አይታዩም። ብስክሌት ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ለመሆኑ በዚህ አገር ለክለብ ልምምድና ለውድድር የሚሆን መካከለኛ ዋጋ ያለው የካርቦን ብስክሌት የሚፈልግ ሰው ምን አይቶ ይግዛ? አስመጪውስ ምን ቢያመጣ ገዢውን አይጎዳም? የዛሬው የገበያ ቅኝታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

«መካከለኛ» ሲባል

መቼም «መካከለኛ ዋጋ» የሚለው ቃል እንደ ኪሱ ነው። በውጭ ገበያ ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር የሚሸጥ፣ ቴላዮውና የፊት ሹካው ካርቦን የሆነ፣ ማርሹ ሺማኖ 105 ወይም የእሱ አቻ የሆነ ብስክሌት መካከለኛ ይባላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ 10,000 ዶላርን የሚያልፍም አለ። በእኛ ብር ሲመነዘር ግን «መካከለኛ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 2,500 ዶላር የሚያወጣ ብስክሌት በፊተኛው ተመን 142,500 ብር ነበር። በ130 ብር ሲሰላ 325,000 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር ነው።

ቀረጡ ላይ አስመጪዎች የሚያውቁት፣ ግለሰብ ገዢ ግን የሚዘነጋው ነገር አለ። ስሌቱ የሚጀምረው ከፋብሪካ ዋጋ ሳይሆን ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ከተደመረበት ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን ቀረጡ በተደመረበት ላይ ይሰላል፤ ሌሎቹም ክፍያዎች እንዲሁ እየተደራረቡ ይሄዳሉ። በታሪፍ መጽሐፉ ብስክሌት በ87.12፣ መለዋወጫው ደግሞ በ87.14 ሥር ይገኛል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ልላክልህ» ሲል ደስ ከማለት በፊት በእነዚህ ቁጥሮች ጉምሩክን መጠየቅ ይበጃል። ዕቃው መጋዘን ገብቶ የሚደረግ ድርድር ውድ ነው።

በዚህ ዋጋ የሚገዛው ብስክሌት ለአብዛኛው ሰው የአንድ ጊዜ ግዢ ነው። ቤተሰብ ተሰባስቦ ወይም ክለብ የዓመት በጀቱን አሟጦ የሚገዛው ዕቃ ስለሆነ ስህተቱ የሚታረመው በሌላ ግዢ አይደለም።

ስሙ ሲሸጥ

በብስክሌት ገበያ ስም ዋጋ አለው። ስሙ የሚገነባው ደግሞ በውድድር ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ ወደተባለው ቡድን ገብቶ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ከበታቹ የነበረው ብስክሌት ሜሪዳ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ ሲጋልብ የነበረው ኩብ ነው። ቀድሞ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ ግን ካርቦን የሚባል ነገር በብስክሌት አልታሰበም፤ ሁሉም የሚጋልበው ብረት ነበር።

ታዲያ ደላላው «ይቺ ጽጋቡ የነዳት ናት» ቢልዎ ስሙ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ግን ልክ አይደለም። ፋብሪካዎቹ አንዱን ሞዴል በሁለትና በሦስት ደረጃ ነው የሚያወጡት። ቅርጹ አንድ፣ ስሙም አንድ ሆኖ የካርቦኑ ክር ጥራትና አደራረቡ ይለያያል። ለምሳሌ ጃያንት ቲ ሲ አር በሚባለው ሞዴሉ «አድቫንስድ»፣ «አድቫንስድ ፕሮ» እና «አድቫንስድ ኤስ ኤል» እያለ ይለያቸዋል። ባለሙያዎቹ የሚወዳደሩበት የላይኛው ነው፤ እርስዎ የሚገዙት የታችኛው ነው። ይህ ነውር የለበትም። እንዲያውም የታችኛው ደረጃ ቴላዮ ትንሽ ከበድ ይበል እንጂ ለድንጋይና ለጉድጓድ የተሻለ ሆደ ሰፊ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ጃያንትና ሜሪዳ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋሙ የታይዋን ፋብሪካዎች ናቸው። በራሳቸው ስም ከሚሸጡት ሌላ በምዕራባውያን ስም ለሚሸጡ ኩባንያዎችም ያመርታሉ። ሜሪዳ እንዲያውም ስፔሻላይዝድ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፍተኛ ድርሻ የገዛ ነው። እንግዲህ የጣሊያን ስም ስለተለጠፈበት ብቻ ሩቡን ያህል ጨምሮ መክፈል ለሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው፤ ይህ ጸሐፊ ግን ያንን ገንዘብ ለጎማ ያውለው ነበር።

ፎርጅዱ ሌላ ነገር ነው። ፒናሬሎንና ስፔሻላይዝድን የመሳሰሉ ስሞች በተመሳስሎ የሚሠሩባቸው መሆኑ የታወቀ ነው። 6,000 ዶላር የሚያወጣ ቴላዮ በ500 ዶላር ቀርቦ ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎም። ስም የሌለው የቻይና ቴላዮ ከስም አስመሳዩ ይሻላል። ቢያንስ ማን እንደሆነ አልዋሸም፤ አንዳንዱም በእውነት ጥሩ ሥራ ነው።

ዳገቱ የሚጠይቀው

ገዢው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ክብደትን ነው። ብስክሌቱን በአንድ ጣት አንስቶ «ቀላል ናት!» ማለት የሱቅ ወግ ሆኗል። እስቲ እናስላው። 65 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ 9 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት የዓባይን ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። 20 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ብስክሌቱ አንድ ኪሎ ቢቀንስለት የሚያተርፈው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ለውድድር አንድ ደቂቃ ተኩል ብዙ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን በመካከለኛ ዋጋ ገበያ ውስጥ ከ8 ኪሎ ወደ 7 ኪሎ ለመውረድ የሚጨመረው ገንዘብ ከግማሽ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ኮዳም አንድ ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረትም ቢሆን በውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም።

ማርሹ ግን ሌላ ወሬ ነው። በዚያው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የፊቱ ትንሹ ጥርስ 39፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 25 በሆነ በአሮጌው ዘመን ኮርሳ የሚወጣ ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 51 ጊዜ ብቻ ነው የሚያዞረው። እያንዳንዱ ዙር ጉልበት የሚሰብር ነው። ፊት 34፣ ኋላ 34 ያለው ግን በዚያው ፍጥነት 79 ጊዜ ያዞራል። ሁለቱ ሰዎች እኩል ይደርሳሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጉልበቱ አልቆ፣ ሁለተኛው ለሚቀጥለው ዙር ተዘጋጅቶ ነው። ስለዚህ ለጎጃም የሚገዛ ብስክሌት ፊቱ 50 እና 34፣ ኋላው ከ11 እስከ 34 ቢሆን ለክለብም ለውድድርም ያገለግላል። ጠንካራው ተወዳዳሪ ፊቱን 52 እና 36 ቢያደርግ ይችለዋል። በቴሌቪዥን እንደሚታዩት ባለሙያዎች 54 እና 40 ካልሆነ የሚል ወጣት ካለ ግን ደጀን ላይ ቁጭ ብሎ ቢያስብበት መልካም ነው።

ነፋስ የሚሰነጥቅ እየተባለ በሰፋፊ ቱቦ የተሠራው ቴላዮ ላይም አንድ ነገር እንበል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሳንባን ያስቸግራል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት የሚገፋውም ነፋስ በዚያው ልክ ቀሎ ይገኛል። እንግዲህ ለነፋስ ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ በአምስተርዳም የሚሰጠውን ያህል በጎጃም አይሰጥም። ለባሕር ዳር ሰው፣ ሜዳው ለሜዳ ነውና፣ ክርክሩ ሊለይ ይችላል።

ቁልቁለቱ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጋላቢና ብስክሌት 75 ኪሎ ሆነው ከደጀን እስከ ድልድዩ ሲወርዱ የሚለቀቀው ኃይል ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ለማንተክተክ የሚበቃ ነው። ግማሹን ነፋስ ቢወስደው እንኳ የቀረው በፍሬን በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ካርቦን የጨርቅ ክር በሙጫ ተጣብቆ የደረቀ ነገር ነው፤ ሙጫው ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል። ፍሬኑ ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ከሆነና ቸርኬው ካርቦን ከሆነ በረጅም ቁልቁለት አደጋ አለው፤ ቸርኬው ሊያብጥ፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ ውስጥ ርካሽ ሆኖ በብዛት የሚገኘው ግን ይኸው ዓይነት ነው፤ በሌላው ዓለም ሰዉ ወደ ዲስክ ፍሬን ስለዞረ። እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ ዲስክ በባለሙያዎቹ ውድድር ሙሉ በሙሉ ተፈቅዷል። ለእኛ መንገድ ዲስክ ፍሬን ቅንጦት አይደለም። ዲስክ መግዛት ያልቻለ የካርቦን ቸርኬውን ትቶ በአሉሚኒየም ቸርኬ ይውረድ።

የዲስክ ዘይትም አገር ውስጥ በሚገኘው ዕቃ መመዘን አለበት። ሺማኖ የሚጠቀመው ማዕድን ዘይት የሚባለውን ነው፤ በየመኪና መለዋወጫ ሱቁ የለም። የስራም ፍሬኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዶት 4 ወይም 5.1 የፍሬን ዘይት ነው፤ ዶት 4 ደግሞ የመኪና ፍሬን ዘይት የሚሸጥበት ሁሉ አለ። አንዱን በሌላው መተካት ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ ላስቲኩን ይበላዋል። ሺማኖ የገዛ ሰው ዘይቱን አብሮ ማስመጣት አለበት ማለት ነው።

ጎማው 25 ሚሊ ሜትር ይሁን የሚለው የድሮ ወግ ነው። አሁን ባለሙያዎቹም 28 እና 30 ያስራሉ። ክረምት ከወጣ በኋላ አስፋልቱ ዳርና ዳሩ እየተበላ በሚቦረቦርበት አገር ቴላዮው 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ጎማ ጥሩ ነው ይባላል፤ ነው። ነገር ግን ማሸጊያ ፈሳሹ ሲያልቅ ከየት ይመጣል? ከመነዳሪ ያለውን ጎማ ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል።

ያገለገለ ሲገኝ

የጎጃም ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ አስኪዶም ያያል። የካርቦን ብስክሌት ሲገዛ ግን ያው ሰው ፎቶግራፍ አይቶ ገንዘብ ይልካል።

ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ አሉሚኒየም ይሰረጎዳል፤ ካርቦን ግን ላይ ላዩን ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲሰበርም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መሪውን የሚይዘው የፊት ሹካ አንገት በቁልቁለት ላይ ቢቆረጥ ጋላቢው የሚያርፈው በፊቱ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ይታጠብ። የኮርቻው ዘንግ ይውጣ፤ አልወጣም ካለ ተጣብቋል፣ ያ ራሱ ችግር ነው። ሹካው ይፈታና አንገቱ ይታይ፤ ሻጩ ይህን አላስፈታም ካለ ሰላም ብሎ መሄድ ነው። ፔዳሉ የሚያልፍበት እምብርት ዙሪያ፣ ካቴናው በኩል ያለው የኋላ ቱቦ፣ የታችኛው ቱቦ ሆዱ በባትሪ ብርሃን ይመርመር። በሳንቲም ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተለያየው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ግን ይረዳል እንጂ አያረጋግጥም። አዲስ ቀለም ወይም ያለ ቦታው የተለጠፈ ስቲከር ሲያዩ ከሥሩ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ነው።

ዋስትናውንም አይቁጠሩት። ብዙዎቹ ትላልቅ ኩባንያዎች ለቴላዮ የሚሰጡት የዕድሜ ልክ ዋስትና ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው።

ከአውሮፓ የሚመጣው ያገለገለ ዕቃ ሌላ እክል ልኩ ነው። የደቾችና የጀርመኖች ቁመት ከእኛ ተወዳዳሪዎች ይረዝማል፤ 56 እና 58 ቁጥር ብስክሌት በርካሽ ይገኛል፤ 50 እና 52 ግን በፍለጋ ነው። አስመጪው ርካሹን ጭኖ ይመጣና ገዢው ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አውርዶ፣ መሪውን በአጭር አንገት ስቦ ይነዳዋል። በቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ብስክሌት አይታዘዝም። ቁጥሩም ቢሆን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የአንዱ 52 የሌላው 54 ሊሆን ይችላል። የቴላዮውን ቁመትና ርዝመት በሚሊ ሜትር የሚነግር ሻጭ ሥራውን ያውቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ወጣት እስከነጭራሹ ካርቦን ያስፈልገዋል ወይ? ለብዙዎቹ መልሱ አይደለም ነው። ሹካው ብቻ ካርቦን ሆኖ ቴላዮው አሉሚኒየም፣ ማርሹ 105፣ ፍሬኑ ዲስክ የሆነ አዲስ ብስክሌት ታሪኩ ከማይታወቅ ካርቦን ይበልጣል። አንድ ኪሎ ቢከብድ ነው፤ የኪሎውን ሒሳብ ከላይ አይተነዋል።

የጥቃቅኑ ጣጣ

በክልሉ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋና ሲከፈት መክረሙ ለነጋዴው አዲስ ወሬ አይደለም። ለልምምድ የሚወጣው ሰው ችግር እንዳለ ሆኖ ለዕቃም ትርጉም አለው። የተሰበረ ነገር ነገ ከመርካቶ ይመጣል ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ሲገዛ የሚመረጠው ብስክሌት በቶሎ የማይበላሽ ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚጠገን መሆን አለበት።

አዳዲሶቹ ሞዴሎች የፍሬንና የማርሽ ገመዳቸው በመሪው ኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ይገባል። ለዓይን ያምራል። ግን ክረምት ጭቃና ውኃ የበላውን ኩሽኔታ ለመቀየር ሲፈለግ የፍሬን ቱቦ መቁረጥና ዘይት እንደገና መሙላት ሊያስፈልግ ነው። ገመዱ ከውጭ ገብቶ በቴላዮው ጎን የሚጠልቀውን ያገኘ ያንን ይውሰድ። የፔዳሉ እምብርትም በጥርስ የሚታሰር እንጂ በግፊት የሚገባ ባይሆን ይሻላል፤ በግፊት የሚገባው ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ሲላላም ሲጢጥ ይላል።

በኤሌክትሪክ የሚቀየረው ማርሽ ላይ «መብራት ቢጠፋስ» የሚሉ አሉ። ይህ እንኳ ብዙም አያሳስብም፤ የሺማኖ ባትሪ አንዴ ከተሞላ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የሚያሳስበው የኋላው መቀየሪያ ድንጋይ መትቶት ሲሰበር ነው። የገመዱ አይነት ከሌላ ብስክሌት ተነቅሎም ሊተካ ይችላል፤ የኤሌክትሪኩ ወደ አስመጪው ይመልስዎታል። 105 በገመድ ባለ 12 ማርሹ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል፤ ባለ 11ዱም ቢሆን ጥርሱና ካቴናው በገበያ በሰፊው አለ።

የካርቦን ብሎን በእጅ ግምት አይጠበቅም። መሪ ላይ ያሉት ብሎኖች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ የጠበቀ እንደሆነ ያገለገለ ሲገዛ የምንፈራውን ስንጥቅ እኛው ራሳችን ሠራነው ማለት ነው። ለዚህ መጠኑን የሚለካ የቶርክ ቁልፍ አለ፤ ለአንድ ክለብ አንዱ ይበቃል፤ ከአንድ ጥሩ የኋላ ጎማ ብዙም አይወደድም።

በመጨረሻ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚንጠለጠልባት፣ ሀንገር የምትባል የጣት ታህል የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። ብስክሌት ሲወድቅ ቴላዮው እንዳይሰበር እሷ እንድትጎብጥ ወይም እንድትሰበር ተብላ የተሠራች ናት። ዋጋዋ ኢምንት ነው። ችግሩ የአንዱ ሞዴል ለሌላው አትገጥምም፤ እሷ ከሌለች ደግሞ 325,000 ብሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም ለሁሉ የምትገጥም አንድ ዓይነት ሀንገር አውጥቶ ብዙ ፋብሪካዎች እየተቀበሉት ነው፤ የሚገዙት ቴላዮ ያንን የሚቀበል ከሆነ መልካም። ካልሆነ ግን የሀንገሯን ቁጥር ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ሁለት ትርፍ ሀንገርም ከብስክሌቱ ጋር በአንድ ካርቶን ይምጣ።